ጥያቄና መልስ፦ የከተማው ማዕድ በማን እጅ ያልፋል?

ስለ ከተማ ምግብና ስለ ቤተሰብ አመጋገብ የሚያሳስባችሁን እንድትጽፉልን ባለፈው እትም በጠየቅነው መሠረት በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ ጥቂት አባወራዎችም ተሳትፈዋል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አጣምረን፣ የላኪዎቹን ስም ትተን በሰፈራቸው ብቻ እየጠቀስን የሚከተለውን መልስ አዘጋጅተናል።

ጥያቄ፦ በወረዳችን ስለ ተመጣጠነ ምግብ የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ስለ ሴቶች ሚና ሲናገር ቢውልም የተነገረን ሁሉ ቤት ውስጥ ስለ ማብሰል ብቻ ነው። ለልጆቻችሁ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና ፍራፍሬ ስጡ ተባልን። አንዲት ጎረቤቴ «እሱንማ እናውቃለን፤ መግዣውን ማን ይስጠን?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። የሴቶች ድርሻ በእርግጥ ከምድጃው ያልፋል? (ከጎፋ)

መልስ፦ ጎረቤትዎ ያሳቁበት ጥያቄ የሥልጠናው መነሻ ሊሆን ይገባው ነበር። እንቁላል ለልጅ እንደሚጠቅም የማታውቅ የአዲስ አበባ እናት ማግኘት ያስቸግራል፤ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የእንቁላል፣ የወተትና የብርቱካን ሥዕል ልጇን ልታስከትብ በሄደች ቁጥር ታየዋለች። የቸገራት መግዣው፣ ማብሰያ ጊዜውና በቤቱ ወጪ ላይ የመወሰን ሥልጣኑ ነው።

ድርሻው ከምድጃው ማለፉን ለማየት በሰፈርዎ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር አንድ ልጅ በቀን የሚበላውን ወደ ኋላ መከተል ይበቃል። የትምህርት ቤት ምገባው በከተማው አስተዳደር በጀት በስፋት መሠጠት ከጀመረበት ከ2012 የትምህርት ዘመን ወዲህ ቁርስና ምሳ የሚያበስሉለት መጋቢ እናቶች ናቸው። አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ነዋሪዎችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሲሆኑ፣ ጎሕ ሳይቀድ እሳት አንድደው ለመቶዎች ያበስላሉ፤ ያቀርባሉ፤ ዕቃ ያጥባሉ። ማታ ቤቱ የሚጠብቀውን እንጀራ የጋገረችው፣ የሽሮውን እህል የለቀመችውና የቆላችው፣ በርበሬውን የቀነጠሰችው፣ ከመንገድ ዳር ቲማቲሙን የሸጠችለት ሴት ናት። ሕፃን ሳለ የክንዱን ዙሪያ ለክታ «ይህ ልጅ ቀጥኗል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ያለችውም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሴት ናት።

ሰንሰለቱን ወደ ላይ ስንወጣ ግን መልኩ ይለወጣል። ከገበሬው ገዝቶ በአይሱዙ የሚያስጭነው፣ በእህል በረንዳ ዋጋ የሚቆርጠው፣ በአትክልት ተራ በድለላ የሚያደራድረው በአብዛኛው ወንድ ነው። ስለዚህ ሴቶች በከተማው የምግብ ሥርዓት ውስጥ እንዲሳተፉ መቀስቀስ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም፤ ድካሙ በሚበዛበትና ትርፉ በሚያንስበት ጫፍ ላይ ከጥንት ጀምሮ ተሳትፈዋል። የጎደላቸው ዋጋ በሚቆረጥበት፣ ቦታ በሚከፋፈልበትና በጀት በሚመደብበት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት ወንበር ነው።

ይህ የፍትሕ ጥያቄ ብቻ ሆኖ እንዳይታይብኝ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በእናት እጅ የሚገባ ገቢ ለልጆች ምግብና ጤና የመዋል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው የሚጠበቀውን ቁመት እንዳላገኙ አመልክቷል። አዲስ አበባ ላይ አኃዙ 14 በመቶ አካባቢ ነው። ከተማዋ ከሌላው የተሻለች መሆኗ እውነት ቢሆንም፣ 14 በመቶ ማለት ከሰባት ሕፃናት አንዱ ማለት ነው፤ ያ ሕፃን ደግሞ የሚኖረው ሱፐርማርኬት በሞላበት ከተማ ነው። በተቃራኒው የአዲስ አበባ ሴቶች ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከአገር አቀፉ አማካይ እጅግ የላቀ ነው፤ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ዘይትና ለስላሳ መጠጥ በብዛት፣ ጥራጥሬና አትክልት በጥቂቱ የሚበላበት ኑሮ የወለደው ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የወፈረች እናትና የቀጨጨ ልጅ አብረው መታየታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ ጎረቤትዎ ጥያቄያቸውን በሳቅ እንዳያልፉት ይምከሩልኝ። ወረዳው የሕፃናት ማቆያ አለው ወይ፣ በልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉት እናቶች የሚያለሙት መሬትና ውኃ ተመድቦላቸዋል ወይ፣ የመጋቢ እናቶች ክፍያ በወቅቱ ይደርሳል ወይ ብለው ይጠይቁ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ከተጠቃሚዎቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ ስለዚህ ጥያቄው ከሥልጠናው ርዕስ የወጣ አይደለም። ባሎችም ሥልጠናው ላይ ቢጠሩ መልካም ነው፤ የአስቤዛውን ገንዘብ የሚቆርጡት እነሱ ሆነው ሳለ ስለ ምግብ ምጣኔ የሚሰለጥኑት ሚስቶቻቸው ብቻ መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ጉሊት ነጋዴ ነኝ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን እሸጣለሁ። ደንብ አስከባሪዎች ሲመጡ ዕቃዬን ጠቅልዬ እሮጣለሁ፤ አንዳንዴም ይወሰድብኛል። መንገድ ታቆሽሻላችሁ፣ ምግብ ትበክላላችሁ እንባላለን። እውነት እኛ ለከተማው ጠንቅ ነን? (ከሳሪስ)

መልስ፦ ጠንቅ አይደላችሁም፤ ሆኖም ከሚነገርባችሁ ውስጥ እውነትነት ያለው ነገር ስላለ ሁለቱንም በየፈርጁ ላስቀምጥ።

የጉሊት ትልቁ አገልግሎት መደቡ ነው። በቀን ገቢ የሚያድር ሰው አንድ ኪሎ ቲማቲም ገዝቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያኖርበት አቅም የለውም፤ አምስት ፍሬ ቲማቲም፣ ጥቂት ቃሪያና አንድ እስር ጎመን በመደብ ገዝቶ ለዕለቱ ያበስላል። ሚዛን ላይ የሚሸጥ ሱቅ ይህን ሰው አያስተናግደውም፤ ቢያስተናግደውም ከሥራ ሲመለስ በእግሩ የሚደርስበት ቦታ ላይ አያገኘውም። የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ወጥ ውስጥ ቅጠላ ቅጠል ከገባ ብዙውን ጊዜ የገባው በእናንተ በኩል ነው። ጉሊት የሚነሣበት ሰፈር ላይ መጀመሪያ ከማዕድ የሚጠፋው ጎመኑና ቲማቲሙ ይሆናል፤ ሽሮና ዘይትማ ኪዮስክም ይገኛል።

እናንተ ላይ የሚወድቀው ወጪም ቀላል አይደለም። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር የመጓጓዣው ርቀት ለብዙ ጉሊት ነጋዴዎች ጨምሯል። ከሰሜኑ የከተማ ክፍል ተነሥታ በሌሊት አንድ ሣጥን ቲማቲም ልታመጣ የምትወርድ ሴት የታክሲና የተሸካሚ ዋጋ ከትርፏ ላይ ይቀነስባታል። የተጨፈለቀውንና የበሰበሰውን ኪሳራ የምትችለውም እሷው ናት።

ስለ ንጽሕና የሚነገረው ግን ሊሰማ ይገባል። አትክልት በመሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ፣ አቧራና የመኪና ጭስ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ጎመን እንዳይጠወልግ የሚረጨው ውኃ ከየት እንደተቀዳ ሁልጊዜ አይታወቅም፤ ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን የሚበላ ነው። እጅ መታጠቢያና መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ቀኑን ሙሉ የምትውልን ሴት ግን ንጽሕና ጎደለሽ ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ በማኅበር ተደራጅታችሁ ወረዳውን ስትጠይቁ የሽያጭ ፈቃድ ብቻ አትጠይቁ፤ ጥላ ያለው ከፍ ያለ መደብ፣ አንድ የውኃ ቦኖ፣ መጸዳጃና ያልተሸጠው ዕቃ የሚያድርበት መጋዘን አብሮ ይጠየቅ። የእሁድ ገበያዎች መስፋፋታቸው ለሸማቹ እፎይታ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ በሚቆም ገበያ ላይ የሳምንት ፍጆታውን መግዛት የሚችለው ደመወዝተኛው ነው፤ የቀን ሠራተኛው ማክሰኞ ማታም መብላቱ አይቀርም።

እስከዚያው በእጅዎ ያለውን ያድርጉ። ቲማቲሙን ከሦስት ድርብ በላይ አይከምሩ፤ የበሰለውን ከጥሬው ለይተው ያስቀምጡ፤ የበሰለው ሌላውን ያፈጥነዋል። ጎመኑን ውኃ ከመርጨት ይልቅ በቧንቧ ውኃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። ሽንኩርቱን ግን እርጥበት አያስነኩ። የዕቁቡን ዕጣ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚገዙት ነገር ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ጠረጴዛና ትልቅ ጃንጥላ ቢሆን ወጪውን በማይበሰብሰው ቲማቲም ይመልስልዎታል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ልጄን የሦስት ወር ሆኖ ለቤት ሠራተኛዬ ትቼው ወደ ሥራ ተመለስኩ። አሁን ስድስት ወር ሊሞላው ነው። ዘመዶቼ አሥራ ሁለት ዓይነት እህል ያለበት ምጥን ዱቄት አዘጋጅተው ሰጥተውኛል። ይህ ይበቃዋል? ሥራዬን መተው አለብኝ የሚሉኝም አሉ። (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ ሥራዎን መተው የለብዎትም፤ ደመወዝዎ የልጁ ምግብ መሆኑን ዘመዶችዎ የዘነጉት ይመስለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። የጤና ባለሙያዎች ልጁ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ፤ ሕጉ ደግሞ በሦስተኛው ወር ወደ ቢሮ ይመልስዎታል። በመካከል ያለውን የሦስት ወር ክፍተት እያንዳንዷ እናት በራሷ ብልሃት ትሞላዋለች። የሕፃናት ማቆያ ያቋቋሙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ በግሉ ዘርፍ ግን የአሠሪው በጎ ፈቃድ ነው። ይህ ክፍተት የእናቶች ስንፍና ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁና ምንጩን በግልጽ መናገር እወዳለሁ።

ጡት ማጥባቱን አያቋርጡ፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠቅመዋል። ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት፣ ማታ እንደተመለሱና ሌሊት ያጥቡት። በቢሮ ሰዓት ወተቱን በንጹሕ እጅ አልበው ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ቢያስቀምጡት በመጠነኛ የክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓታት፣ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን ይቆያል። በጡጦ ፋንታ በኩባያና በማንኪያ ቢሰጠው ይመረጣል፤ ጡጦ በደንብ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር ተቅማጥ ያመጣል።

ወደ ምጥኑ ልምጣ። በከተማችን እናቶች ዘንድ የእህሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር ዱቄቱ የሚሻል ይመስላል፤ ስምንት የነበረው አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለቱ አሥራ አምስት ሲሆን አይተናል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ በቆሎና ማሽላ ስድስት ስም ቢኖራቸውም ለሕፃኑ ሰውነት በአብዛኛው የአንድ ምድብ ምግብ ናቸው። ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ፣ ለምሳሌ ጤፍና አጃ ከሽምብራ ወይም ከአተር ጋር፣ ይበቃል። ጥራጥሬው ይከካ፣ ይታመስ፤ እህሉን ጥቂት አብቅሎ አድርቆ መፍጨትም ገንፎውን ስለሚያለሰልስና እንደ ብረት ያሉ ማዕድናት በሰውነት እንዳይሠርጉ የሚያግደውን ነገር ስለሚቀንስ ጠቃሚ ነው። ለውዝ ካስገቡ አንድ በአንድ ለቅመው የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን ይጣሉ፤ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በእሳት ተቆልቶ የሚጠፋ አይደለም። ዱቄቱ ለሦስትና ለአራት ወር የሚሆን ተፈጭቶ ባይቀመጥ ይሻላል፤ የወር ፍጆታ ያህል አስፈጭቶ በደረቅ ዕቃ መያዝ በቂ ነው።

ዋናው ነገር ገንፎው ላይ የሚጨመረው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናትን ምግብ በስምንት ይመድባል፦ የእናት ጡት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቫይታሚን ኤ ያላቸው አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬ። ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ ከአምስቱ ሊያገኝ ይገባል። አሥራ ሁለቱ እህልዎ የሚሞላው ሁለቱን ብቻ ነው። ልጅዎ እየጠባ ገንፎው ላይ ግማሽ እንቁላል፣ የተፈጨ ካሮት ወይም በደንብ ተቀቅሎ የደቀቀ ቆስጣ ከጥቂት ዘይት ጋር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተፈጨ ሙዝ ቢያገኝ ቁጥሩ ያለ ብዙ ወጪ ይሞላል። የገንፎው ውፍረት ማንኪያው ሲዘነበል የማይፈስ ይሁን፤ የቀጠነ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይል አይሰጥም። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ይብላ።

ይህን ሁሉ በተግባር የምታውለው የቤት ሠራተኛዎ ናት። ከምንም በላይ እሷን አስቀምጠው ያሳዩአት፤ አብራችሁ አንድ ቀን አብስሉ። ለልጁ እንቁላል ተቀቅሎ እሷ ምሳዋን በሻይና በዳቦ የምታልፍበት ቤት አለ። የቤት ውስጥ ሥራ ከላይ በጠቀስኩት አዋጅ ጥበቃ ሥር ስላልገባ የሥራ ሰዓቷም፣ ዕረፍቷም፣ ምግቧም በእርስዎ ቅንነት ላይ የተመሠረተ ነው። በከተማችን የስንቱ ሕፃን አመጋገብ በእነዚህ ልጃገረዶች እጅ እንዳለ ሳስብ፣ በየትኛውም የሥርዓተ ምግብ ሥልጠና ላይ ተጠርተው አለማየቴ ትልቅ ጉድለት ሆኖ ይታየኛል።

ጥያቄ፦ እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎችና ለጎረቤት አስረክባለሁ። የጤፍ ዋጋ ሲያሻቅብ ሩዝ ቀላቅዬ መጋገር ጀመርኩ። እንጀራው ነጭና ለስላሳ ስለሚሆን ደንበኞች ወድደውታል። ኅሊናዬ ግን ይቆረቁረኛል። የመብራት መቆራረጡም አማርሮኛል። (ከኮተቤ)

መልስ፦ ሩዝ ምግብ ነው፤ መቀላቀሉ በራሱ ጥፋት አይሆንም። ጥፋቱ ሳይናገሩ በንጹሕ ጤፍ ዋጋ መሸጥ ነው። ሁለት ዓይነት ጋግረው ለእያንዳንዱ ዋጋ ቢቆርጡ ኅሊናዎም ደንበኛዎም ይረጋጋሉ። ለእንጀራ ክብደትና ንጣት ሲባል የማይበላ ነገር እስከ መቀላቀል የደረሱ ሰዎች ተይዘው ዜና በሆኑበት ከተማ፣ ምን እንደጨመረች በግልጽ የምትናገር ጋጋሪ ገበያዋ አይጠፋም።

በሥነ ምግብ ረገድ ግን ለውጡ ቀላል አይደለም። የተፈተገ ነጭ ሩዝ ገለባውና የሚበቅለው የፍሬው ክፍል የወጣለት ስለሆነ ከጤፍ ጋር ሲነጻጸር ብረት፣ ካልሲየምና አሰር እጅግ ይጎድለዋል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ ነበረባቸው፤ በቀን ሦስቴ እንጀራ ለሚበላ ሰው የእንጀራው ይዘት ሲሳሳ ጉዳቱ ይጠራቀማል። ወጪ ለመቀነስ ከሆነ ነጭ ማሽላ ወይም ገብስ ቢቀላቅሉ፣ ከማኛው ይልቅ ሰርገኛውን ወይም ቀዩን ጤፍ ቢመርጡ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ይዘቱም አይሳሳም። ቡኮቱን ለማፋጠን አይቸኩሉ። ሁለት ሦስት ቀን በእርሾ የተቦካ ሊጥ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ በአንድ ሌሊት ተጣድፎ የተጋገረ እንጀራ ዓይን ቢያወጣም ይህን ጥቅም አይሰጥም።

የመብራት መቆራረጥን በተመለከተ በደብዳቤዎ መጨረሻ ያነሱት ምሬት ትክክል ነው። የተቦካ ሊጥ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። በሰፈርዎ ያሉ ጋጋሪዎች ተሰባስባችሁ በጋራ የመጋገሪያ ሼድ ብትጠይቁ ለየብቻ ከመጮህ የተሻለ ጆሮ ታገኛላችሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ጾሙን ሳታቋርጥ ትጾማለች። የሦስት ዓመት ልጃችንም በጾም ወቅት ወተትና እንቁላል አያገኝም፤ ምክንያቱም ድስቱና ማንኪያው ይነካካል ትላለች። እኔ መናገሩ ሃይማኖት መንካት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። (ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ጥንቃቄዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዝምታው ልክ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም፤ ነፍሰ ጡርና አራስም በንስሐ አባት ምክር ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ ሐኪም ከሚናገር ይልቅ የንስሐ አባታችሁን ቤት ጠርታችሁ አብራችሁ ብትጠይቁ ባለቤትዎ ልባቸው ያርፋል። በእስልምናም ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ተመሳሳይ ፈቃድ አለ።

የዕቃው መነካካት በጥናቶች ውስጥም ተደጋግሞ የተገኘ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ባለቤትዎ ያመጡት ሰበብ አይደለም። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ለልጁ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለይታችሁ ግዙ። በፍስክም በጾምም የእሱ ሆኖ ይቀመጥ። እንቁላሉን የሚቀቅለውና ድስቱን የሚያጥበው አባት ቢሆን ደግሞ ባለቤትዎ ጾማቸውን ሳይቸገሩ ይጾማሉ። ለነፍሰ ጡሯ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ተልባና ጎመን በየቀኑ ይቅረብ፤ ሰላጣው ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፤ ቡናና ሻዩ ከምግቡ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራቅ። በጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ጾም ነው ብለው እንዳያቋርጡም ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ በግቢዬ አራት የወተት ላሞች አሉኝ፤ ልጆቼን ያስተማርኩት በእነሱ ነው። አንድ ደንበኛዬ «የከተማ ወተት መርዝ አለበት ተብሏል» ብላ ቀረች። ወተቴን በደንብ እንደማፈላው ብነግራትም አላመነችኝም። (ከጉለሌ)

መልስ፦ ደንበኛዎ የሰሙት ነገር መሠረት አለው፤ መሸሻቸው ግን የተጋነነ ነው። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከወተት አምራቾችና ነጋዴዎች የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም አንድ የተባለ የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል፤ መጠኑ ግን ከናሙና ናሙና በጣም ይለያይ ነበር። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ ይህን መርዝ ግን አያጠፋውም። መነሻው ላሚቱ የምትበላው መኖ ነው። በተለይ የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ከተከማቸ ይሻግትና መርዙ በላሚቱ አልፎ ወደ ወተቱ ይገባል።

ይህ ማለት መፍትሔው በእጅዎ ነው ማለት ነው። ፋጉሎውን ለብዙ ወር የሚበቃ አይግዙ፤ ሲገዙ ሰብረው ውስጡን ይዩ፤ የሻገተ ሽታ ካለው ዋጋው ቢቀንስልዎትም ይተዉት። ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ። በክረምት የፋጉሎውን ድርሻ ቀንሰው ፉርሽካና ድርቆሽ ይጨምሩ። ከጎረቤት አርቢዎች ጋር ሆነው በጋራ ከታመነ አቅራቢ መግዛትም ይቻላል። ደንበኛዎን ይጥሯቸውና መኖውን የሚያስቀምጡበትን ያሳዩአቸው። ልጆቻቸውን ወተት ከልክለው በለስላሳ መጠጥ ከሚተኩት፣ በጥንቃቄ ከተያዘች ላም የታለበ ወተት ቢያጠጧቸው በብዙ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ እኔና ስድስት ሴቶች ተደራጅተን ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ለማልማት ቦታ ሊሰጠን ነው። እንቀበል? (ከአቃቂ)

መልስ፦ ውኃው ከወንዙ የሚቀዳ ከሆነ አትቀበሉ፤ ወይም ቦታውን ተቀብላችሁ የቧንቧ፣ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ አቅርቦት እንዲጨመርላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የአቃቂ ወንዞች የቆዳ ፋብሪካ፣ የጋራዥና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተሸክመው ይወርዳሉ። እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በተለይ በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ገዢዋ ቤቷ ወስዳ ብታጥበውም ጭቃውንና ከጀርሙ ጥቂቱን እንጂ በቅጠሉ ውስጥ የገባውን ልታስወጣው አትችልም። ወንዙን ያልበከላችሁት እናንተ ሆናችሁ የተበከለው ጎመን ሻጮች ተብላችሁ ስማችሁ የሚነሣው ግን እናንተው ናችሁ። አማራጭ ካጣችሁ ከጣሪያ የሚሰበሰብ የዝናብ ውኃ በሮቶ አጠራቅማችሁ በጆንያ አፈር ላይ ቆስጣና ጎመን በጥቂቱ ጀምሩ፤ ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ለመልቀም ይደርሳል። ሌላው አማራጭ የአርባ አምስት ቀን ቄብ ወስዶ ማሳደግ ሲሆን፣ ቦታ ብዙ አይፈልግም፤ የመኖው ዋጋ ግን ከመጀመራችሁ በፊት በወረቀት ላይ ይሰላ።